የቀድሞ ተከራይ ዕዳ በራችንን ሲያንኳኳ፦ ሲቲዝንስ አድቫይስን እንዴት አገኘሁት

ለንደን ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቁልፍ ተቀብላችሁ በሩን ስትከፍቱ ከኋላው ደብዳቤ ተከምሮ ይጠብቃችኋል። ግማሹ የፒዛ ቤት ማስታወቂያ ነው። ቀሪው ላይ ግን የማታውቁት ሰው ስም አለ።

ታተንሃም የተከራየነው ቤትም እንዲሁ ነበር። የቀድሞውን ተከራይ ደብዳቤ ለኤጀንቱ ልሰጥ ብል "ዝም ብለሽ ጣይው" አለኝ። ደብዳቤው ግን መምጣቱን አልተወም። ነጭ ፖስታ ነው፤ የኩባንያ ስም የለውም፤ ከጀርባው የመልስ አድራሻ ብቻ አለ። ከዚያ አንድ ቀን በበሩ ቀዳዳ የተጣለ ካርድ አገኘን። ፖስታ እንኳ የለውም። ተወካያችን መጥቶ አጥቶህ ሄዷል፣ ተመልሶ ይመጣል ይላል፣ በቀይ። ከላይ በእስክሪብቶ "ሚስተር አበበ" ተብሎ ተጽፏል።

ነገሩን ያከበደው ይሄ ነው። የእኔም አባት አበበ ነው።

አገር ቤት ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አበበ የሚባል አባት ስንት ሺህ አለ! እዚህ ግን የአባታችን ስም ሰርኔም፣ ማለት የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል። ሁለት ሐበሾች በአንድ አድራሻ በአንድ ሰርኔም ከተመዘገቡ፣ ለፈረንጅ ወንድምና እህት ናቸው፣ ካልሆነም ባልና ሚስት። ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ የአባቴን ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደልም ለይታ ታውቀዋለች። ካርዱን ይዛ ወጥ ቤት መጣችና "ልጄ፣ ደብቀሽኝ ነው እንጂ ዕዳ ገብተሻል አይደል?" አለችኝ። አይደለም ብላትም ያን ቀን ምሳ በቅጡ አልበላችም። ይህን ሳይ ነው "በቃ፣ ነገሩ መቋጨት አለበት" ያልኩት።

ምክር አልጠፋም። አንዱ "ዝም በያቸው፣ ሲሰለቻቸው ይተዋሉ" ይላል። ሌላዋ "ቤይሊፍ (ዕዳ አስፈጻሚ) መጥቶ ቴሌቪዥንሽን ይዞት ይሄዳል" ብላ ታስፈራራኛለች። ሁለቱም ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ግን ሕጉን አያውቁም። ስለዚህ ሲቲዝንስ አድቫይስ ደወልኩ።

ለማያውቀው፦ ሲቲዝንስ አድቫይስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1939፣ ብሪታንያ ጦርነት ባወጀች ማግስት ነው። ምክሩ ነፃ ነው። ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ቤኔፊት ይመክራሉ። የነገራችኋቸውን ለሌላ አያወሩም። ካውንስሉም (የአካባቢው አስተዳደር) ሆነ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥና የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ጋ ይደርሳል ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ስልኩን ያነሳችው አማካሪ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ፍርሃት አነሳልኝ። "የላከው ዕዳ ሰብሳቢ ነው ወይስ ቤይሊፍ?" አለችኝ። ልዩነቱን አላውቅም ነበር፤ እኛ ሰፈር ሁሉም "ቤይሊፍ" ነው የሚባለው። ዕዳ ሰብሳቢ ማለት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የሚደውል፣ ቢበዛ በር የሚያንኳኳ ተራ ኩባንያ ነው። ቤት የመግባትም ሆነ ዕቃ የመውሰድ ምንም ሥልጣን የለውም። ቤይሊፍ ግን በሕግ የተሰጠው ሥልጣን አለው። ካርዱን አንብቤላት "ይሄ ሰብሳቢ ነው" አለችኝ። ያን ዕለት እናቴ ቡናዋን በሰላም ጠጣች።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። የሌላ ሰው ደብዳቤ አትክፈቺ አለችኝ። እ.ኤ.አ. የ2000ው የፖስታ ሕግ በስህተት የደረሰን ደብዳቤ ሌላውን ሰው ለመጉዳት አስቦ፣ ያለ በቂ ምክንያት መክፈትን ወንጀል ያደርገዋል። ቀላሉ መንገድ አድራሻውን በእስክሪብቶ ሰርዞ "ኖት አት ዚስ አድሬስ፣ ሪተርን ቱ ሴንደር" (እዚህ አድራሻ የለም፣ ለላኪው ይመለስ) ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎ ቀዩ የፖስታ ሣጥን ውስጥ መክተት ነው። ቴምብር አያስፈልግም። ይህን ለነጮቹ ፖስታዎች ሁሉ አደረግኩ።

ካርዱ ግን ስልክና አድራሻ ስለነበረው በቀጥታ ጻፍኩላቸው። አማካሪዋ በስልክ ብቻ እንዳልጨርሰው አጥብቃ ነገረችኝ፤ ማስረጃ የሚሆነው ጽሑፍ ነው። ኢሜይሉ አጭር ነበር። የምትፈልጉት ሰው እዚህ አይኖርም። አላውቀውም፣ ዘመዴም አይደለም። በእኛ ባህል የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። አድራሻዬን ከእሱ ፋይል ላይ አውጡ፣ ዕዳውን ለሰጣችሁ ኩባንያም አሳውቁ።

መጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር የአማካሪዋ ናት፤ ከምክሩ ሁሉ የጠቀመችኝም እሷ ናት። ዕዳ ይሸጣል። አንዱ ሰብሳቢ ሲተወው ሌላው ይገዛዋል፤ አሮጌው አድራሻ አብሮ ከተሸጠ ደብዳቤው በሌላ ስም እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ምንጩ ላይ መታረም አለበት።

ኩባንያው መጀመሪያ የመለሰው የፓስፖርቴን ኮፒ ላኪ ብሎ ነበር። ማንነቴን ለማላውቀው ሰብሳቢ አሳልፌ ልሰጥ? አማካሪዋም አትላኪ አለችኝ። ስሜና የገባሁበት ቀን የሚታይበትን የካውንስል ታክስ ወረቀት፣ ሌላውን ሸፍኜ ላክሁ። በዳታ ጥበቃ ሕጉ መሠረት የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት እንዳለኝ፣ መልስ የሚሰጡትም በአንድ ወር ውስጥ መሆኑን ጨመርኩበት። ቅሬታ ተብሎ በግልጽ ከተጻፈ ደግሞ ስምንት ሳምንት አላቸው፤ ከዚያ በኋላ በፋይናንስ ኩባንያዎች ላይ የሚቀርብ ቅሬታ የሚያየው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ጋ መውሰድ ይቻላል፣ እሱም ነፃ ነው። እዚያ ሳይደርስ አድራሻችሁን አውጥተናል የሚል ደብዳቤ መጣ። በስሜ የመጣ የመጀመሪያ ደብዳቤያቸው እሱ ነበር።

ስለ ቤይሊፍም ጠይቄያት ነበር፤ ለሌላው እንዲሆን ልጻፈው። ቤይሊፍ የሌላ ሰው ዕዳ ይዞ ቢመጣ በር አትክፈቱ። መታወቂያ በመስኮት ያሳያችሁ። እናንተም የኪራይ ውል ወይም የካውንስል ታክስ ወረቀት በመስኮት አሳዩት። የእናንተን ዕቃ ለሌላ ሰው ዕዳ መውሰድ አይችልም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣበት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ነው። ቤት ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብቻ ካሉ መግባት አይፈቀድለትም። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እኛ በፈረቃ ሥራ ስንወጣ ቤት የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ቤቱ በቁልፍ ወይም በካርድ የሚሞላ የመብራት ቆጣሪ ካለው፣ ስትገቡ ወዲያው ለመብራት ኩባንያው መግባታችሁን አሳውቁ፤ የቆጣሪውን ንባብም ፎቶ አንሱ። የቀድሞው ተከራይ ዕዳ ቆጣሪው ላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቶፕ አፕ ባደረጋችሁ ቁጥር የእሱን ዕዳ እየከፈላችሁ ነው። ጋዝም እንደዚያው።

ሰው በጣም የሚጨነቅበት ክሬዲቱ፣ ማለት የብድር ታሪኩ ነው። "አድራሻው ተበላሽቷል" ሲባል እሰማለሁ። አድራሻ አይበላሽም። ክሬዲት የሚታየው በሰው ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር የሚያገናኛችሁ የጋራ አካውንት ወይም የጋራ ብድር ነው። ቢሆንም የአባት ስም ስለገጠመ አላመንኩም፤ የሰውን የብድር ታሪክ ከሚይዙት ከኤክስፒሪያን፣ ከኢክዊፋክስና ከትራንስዩኒየን በሕግ የሚሰጠውን ነፃ ሪፖርት አወጣሁ። የሰውየው ስም የለበትም። ስማችን ከቀድሞ ተከራይ ጋር የሚመሳሰል ሰዎች ይህን ማየት አለብን። ፈረንጁ ችላ ቢለው ያምርበታል፣ እኛ ላይ ግን የስም መምታታቱ እውነተኛ ነው።

ለአገልግሎቱ ከአምስት ኮከብ አምስት እሰጣለሁ። ድረ ገጻቸው ላይ ይህ ሁሉ በግልጽ ተጽፏል፤ ግን በእንግሊዝኛና በዌልሽ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው የሚያነብለት ይዞ ይቀመጥ። ደብዳቤውን አይጽፉላችሁ ይሆናል፤ ምን መጻፍ እንዳለበት ግን ያሳዩአችኋል። ደብዳቤ ለማንበብና ለመጻፍ ለአስተርጓሚ የምትከፍሉ እናቶችና አባቶች አላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት መጀመሪያ እነሱ ጋ ደውሉ።

የጻፍኩት ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው። ስኮትላንድ የምትኖሩ ሕጉ ይለይባችኋል፤ እዚያ ቤይሊፍ ሳይሆን ሸሪፍ ኦፊሰር ነው የሚባለው፣ የምትደውሉትም ሲቲዝንስ አድቫይስ ስኮትላንድ ጋ ነው።