የኒኮቲን ማስቲካ፦ ሲጋራ አቁሞ ክብደት ለጨመረ ሰው ይጠቅማል?

ሲጋራ ያቆመ ሰው ቅባት ቀንሶ፣ በየቀኑ በእግሩ እየሄደ፣ ሱሪው ሲጠበው ግራ ይገባዋል። ስንፍና አይደለም። ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ በዚያ ላይ ሰውነት ቁጭ ብሎም የሚያቃጥለውን ካሎሪ ይጨምራል። በቀን አንድ ፓኮ ለሚያጨስ ሰው ይህ ወደ 200 ካሎሪ ሊደርስ ይችላል። ሲጋራው ሲቀር ያ ሁሉ በሰውነት ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨመራል፤ ከግማሽ የሚበልጠው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው።

ማስቲካው የሚያግዘው በእነዚህ ወራት ነው። ኒኮሬት የተባለው የስዊድን የኒኮቲን ማስቲካ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። በ2 እና በ4 ሚሊግራም ይመጣል። ከእንቅልፉ በተነሣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሲጋራ ይለኩስ የነበረ ሰው 4ቱን ይውሰድ፤ ሌላው 2ቱ ይበቃዋል። ክብደትን በተመለከተ እውነቱ ይነገር፦ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ይህም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው፤ ሱስንና ረሃብን በአንድ ጊዜ ከመታገል ያድናል።

አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከአኘካኘክ ነው። እንደ ተራ ማስቲካ ካኘኩት ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ይዋጣል፤ ጨጓራ ሲገባ ስቅታ፣ ቃርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ሱሱንም አያበርድም። ቀስ ብሎ ማኘክ፣ አፍ በርበሬ በርበሬ ሲል ወይም ሲነዝር ማቆም፣ ከዚያ ጫት ጉንጭ ውስጥ እንደሚያዝ በጉንጭና በድድ መካከል ማስቀመጥ። ንዝረቱ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት አኝኮ ወደ ሌላው ጉንጭ ማዞር። አንዱ ፍሬ 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል።

ሁለተኛው ስህተት ቁጥሩን መሰሰት ነው። በቀን 3 ወይም 4 ብቻ የሚያኝክ ሰው "አልሠራም" ይላል። እስከ 6ኛው ሳምንት በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ አንድ፣ በቀን ቢያንስ 9 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ጣሪያው 24 ነው። ከ7ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት በየ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ከ10ኛው እስከ 12ኛው በየ4 እስከ 8 ሰዓት ይደረጋል።

ለእኛ ሰው ዋናው ፈተና ቡና ነው። ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ በኩል ወደ ደም የሚገባው ምራቅ አሲድ ካልሆነ ነው፤ ቡና፣ ለስላሳና ጭማቂ ይዘጉታል። ስለዚህ ማስቲካው ከመታኘኩ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ቡና አይጠጣም፤ ማስቲካው አፍ ውስጥ እያለ ደግሞ ፈጽሞ አይጠጣም። ሌላም አለ፦ የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርግ ነበር። ጭሱ ሲቀር ያው የለመዱት ቡና ደም ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ማስቲካው ይህን አይለውጠውም። የእጅ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ሲመጣ ሱሱ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይበላል። ቡናውን በግማሽ መቀነስ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባባቸው ብቻቸውን ወደ 100 ካሎሪ ናቸው።

ስለ ዓይነቱ፦ ሽፋን ያለው ሚንት ሽፋን ከሌለው ኦሪጅናል ይሻላል፤ ኦሪጅናሉ አፍ ያቃጥላል። የሱቅ ስም ያለባቸው ርካሾቹም የሚሠሩበት ኒኮቲን ያው ነው፤ ለስም ገንዘብ አይጨመር። ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው የሚመጠጠውን የኒኮቲን ከረሜላ ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ይምረጥ። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመም ያለበት ሐኪም ያማክር።

ማስቲካው መቀነስ ሲጀምር የዘገየው ክብደት ይመጣል፤ ስለዚህ ከ7ኛው ሳምንት ጀምሮ 200 ካሎሪውን ከማዕድ ላይ ማውረድ ይገባል። ከወጡ ድርሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ነው፤ የቡናው ስኳር ሲጨመርበት ሒሳቡ ይሞላል።