ለሰርግ ሥነ ሥርዓት የቱ ይሻላል፦ ጊታር፣ ቫዮሊን፣ ኳርቴት ወይስ ኪቦርድ?

ሰርግ ላይ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ አለ። አንዱ በኋላ የሚያስጨፍረው ነው፤ እሱን ለባንዱና ለዲጄው እንተወው። ሌላው ሙሽሮች ሲገቡ፣ ቃል ሲገባቡ፣ ሲፈርሙና ሲወጡ የሚሰማው ነው። ይሄኛው ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ግን ቪዲዮውን በከፈታችሁ ቁጥር የምትሰሙት እሱን ነው።

የማወዳድረው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይሰማል ወይ? ሁለተኛ፣ ሙሽራዋ ስትዘገይ ማስረዘም፣ ስትፈጥን ማሳጠር ይችላል ወይ? ሁለተኛው ላይ ድርቅ የምለው በምክንያት ነው። እስቲ አብረን እናስላው። 20 ሜትር መተላለፊያ ቀስ ተብሎ ቢኬድ እንኳ አንድ ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው። የመረጣችሁት ዘፈን ደግሞ ሦስት አራት ደቂቃ ነው፣ የምትወዱት አዝማችም አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ አይመጣም። ከስልክ ብታጫውቱት ሙሽራዋ ደርሳ ቆማለች፣ ዘፈኑ ገና መግቢያው ላይ ነው፣ ከዚያ አንድ ሰው ሮጦ ሄዶ ያጠፋዋል። እዚያው ቁጭ ብሎ የሚጫወት ሰው ግን ከአዝማቹ ይጀምራል፣ እርምጃዋ ሲቀንስ ይደግማል፣ ስትደርስ አሳምሮ ይዘጋል። ገንዘቡን የምትከፍሉት ለዚህ ነው።

በርካሹ እንጀምር፤ ብቻውን ጊታር። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ ጣጣ የለውም። ማስረዘምና ማሳጠር ላይ የሚያክለው የለም፣ የሚዘፍን ከሆነ ደግሞ ሁለት በአንድ አገኛችሁ ማለት ነው። ችግሩ ድምፁ ነው። የናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር ሜዳ ላይ ሦስት አራት ረድፍ ካለፈ አለቀለት። አንድ የአትክልት ስፍራ ሰርግ ላይ አምስተኛው ረድፍ ተቀምጬ የጊታሪስቱን ጣቶች ሲንቀሳቀሱ አየሁ እንጂ የሰማሁት የዛፍ ቅጠል ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር ብታመጡ ይሄ ሁሉ አይኖርም፣ ሶኬትም መፈለግ አይጠበቅባችሁም። ከ40 የማይበልጥ እንግዳ ካላችሁ በዚህ ተደሰቱ።

ብቻውን ቫዮሊን ከጊታር በተሻለ ሩቅ ይሰማል፣ ፎቶ ላይም ያምራል። ግን በአብዛኛው የሚጫወተው ዜማውን ብቻ ስለሆነ ከሥሩ የሚደግፈው ከሌለ ይሳሳል። ለዚህ ነው ብዙ ቫዮሊኒስቶች ፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀዳ አጃቢ ሙዚቃ፣ ይዘው የሚመጡት። ፕሌይባክ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም! የቀሚሱ ጫፍ ወንበር ቢይዘው፣ ቀለበት ያዡ ሕፃን መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ማልቀስ ቢጀምር፣ ቅጂው መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከመቀበላችሁ በፊት "ሙሽራዋ ብትዘገይ ምን ታደርጋለህ?" በሉት። መልሱ ላይ ከተንተባተበ ሌላ ፈልጉ።

ኳርቴት ማለትም ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ፣ ከሁሉም የሞላ ድምፅ ያለው እሱ ነው፤ አልክድም። ጥሩ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ያለ ማይክ ልብ ይነካል። ግን አብሮት የሚመጣውን ጣጣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው። እጅ መደገፊያ የሌላቸው አራት ወንበሮች ይፈልጋሉ፤ መደገፊያው የቀስቱን ክንድ ይከለክላል። 3 በ3 ሜትር ያህል ደልዳላ ቦታ ይፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ ጥላ ይፈልጋሉ፤ መሣሪያዎቹ እንጨት ናቸው፣ ፀሐይ ሲመታቸው ቅኝታቸው ይፈርሳል፣ ማጣበቂያቸውም ሊለቅ ይችላል። ብዙዎቹ በቀጥታ ፀሐይ፣ በዝናብ ወይም በብርድ እንደማይጫወቱ ውላቸው ላይ ይጽፋሉ፣ እውነታቸውን ነው። ደግሞም የሚጫወቱት ኖታ እያዩ ነው። የእናንተ ዘፈን ለአራት መሣሪያ ካልተጻፈ የሚጽፈው ሰው ጊዜና ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ በሠርጉ ሳምንት "አንድ ዘፈን ጨምሩልን" ማለት አይሆንም። ማስረዘም ይችላሉ፣ ግን አንድ መሪ ምልክት የሚሰጣቸው አብረው የቆዩ ልጆች ሲሆኑ ነው። ለዕለቱ የተሰባሰቡ ከሆኑ እንጃ።

ኪቦርድ ሙያተኛ እጅ ከገባ ብቻውን ሁሉን ይሸፍናል። ዜማው አለ፣ ድጋፉ አለ፣ ያለ ችግር ይረዝማል ያጥራል። የሚጎድለው መብራት ነው፤ ሶኬቱ የት እንዳለና ኤክስቴንሽኑ ሰው በሚሄድበት እንዳያልፍ ቀድማችሁ እዩ። አዳራሹ የራሱ ፒያኖ ካለው ደስ አይበላችሁ፣ መጀመሪያ መቼ እንደተቃኘ ጠይቁ።

ድምፃዊ መጨመር ለሚፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። መግቢያው ላይ አታዘፍኑ፣ ግጥም መሃል ላይ ሲቆረጥ ያስቀይማል። ፊርማው ላይ አዘፍኑ። ያኔ እንግዳው የሚያየው ነገር የለውም፣ ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው ወረቀት ላይ ናቸው፣ ዘፈኑ ሙሉውን ቢሄድ ማንም አይቸኩልም። የግጥሙን ቃላት ግን አስቀድማችሁ በደንብ ስሙ፤ ዜማቸው ሲጣፍጥ ስለ መለያየት የሚያወሩ ዘፈኖች ሞልተዋል።

ሳክስፎን ለመውጫው አሪፍ ነው፣ እንግዳ ሲገባ ግን ወሬ አያስወራም። ሃርፕ ያምራል፤ ትልቁ 47 ክር አለው፣ ክብደቱም ከ35 ኪሎ ያልፋል፣ ደረጃ ያለበት ቦታ ከሆነ እርሱት።

የእኔ ምርጫ? ቫዮሊንና ጊታር፣ ሁለት ሰው። አንዱ ዜማውን ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ይደግፋል፣ እየተያዩ ያስረዝማሉ፣ ፕሌይባክም አያስፈልግም። ዋጋው ከኳርቴት በጣም ያነሰ ነው፣ ሜዳ ላይም አዳራሽ ውስጥም ይሆናል። እንግዳው ከ100 ካለፈና መብራት ካለ ጊታሩን በኪቦርድ እለውጠዋለሁ። ኳርቴትን የምመርጠው በጀቱም ጥላውም ሲኖር ነው።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ያልተቆራረጠ ቪዲዮ አስልኩ፤ በስቱዲዮ የተሠራውን ተዉት፣ ከእውነተኛ ሰርግ መግቢያው ሙሉ ይሁን። ሙዚቀኛው ቢታመም የሚተካው ማን እንደሆነ፣ ፕሮግራሙ በአንድ ሰዓት ቢዘገይ ተጨማሪ ስንት እንደሚጠየቅ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሜዳ ከሆነ ኖታውን ንፋስ እንዳይወስደው መቆንጠጫ ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው። "ጀምሩ" የሚለውን ምልክት በእጁ የሚሰጥ አንድ ሰውም መድቡ፣ ሙዚቀኞቹ ቀድመው ፊቱን ይወቁት። የሙሽራዋ እናት ግን አትሁን፣ እሷ በዚያች ሰዓት መሐረብ ፍለጋ ላይ ናት።