ሞተራችሁን ክረምቱን የት ታቆሙታላችሁ? ላስቲክ ልብስ፣ የኪራይ ክፍል ወይስ የቆርቆሮ ጥላ

ግንቦት ሲጋመስ ባሕር ዳር ያሉ ጓደኞቼ መደወል ይጀምራሉ። "ሞተሬን ክረምቱን ምን ላድርገው?" የሚጠይቁኝ ለሥራ ስለሚሮጠው ሞተር አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ጢስ ዓባይ ደርሶ ለመመለስ ስለተገዛው፣ መንገዱ ጭቃ ሲሆን እስከ መስከረም ስለሚቆመው ነው።

መልሴን ላስቀድም። የቆርቆሮ ጥላ አሠሩ።

ሞተሩን ከላይ የሚሸፍነውን ላስቲክ ልብስ ሞክሬዋለሁ። "ውሃ አያስገባም" ተብዬ በ900 ብር ገዛሁት። እውነትም ከላይ አላስገባም። የእኛ ከተማ ችግር ግን ከታች ነው። ሐምሌና ነሐሴ መሬቱ ራሱ ውሃ ይተፋል። እርጥበቱ ላስቲኩ ውስጥ ይታፈናል፤ ማታ ሲበርድ ብረቱ ላይ ጠል ሆኖ ያድራል። መስከረም ላይ ስገልጠው የላስቲኩ ሆድ በጠብታ ተሞልቶ ነበር። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ካቴና ዝጎ እንደ ሽቦ ደርቋል። ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ 3,200 ብር።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። "አልቋል፣ ቀይረው" ተባልኩና ኮፒ በ1,800 ብር ገዛሁ። ሚኒሞ አልይዝ አለ (ጋዝ ካልሰጡት ይጠፋል)፣ ቤንዚንም ያንጠባጥባል። ሌላ መካኒክ የድሮውን ከፈተልኝ። ታቹ ላይ እንደ ማር የረጋ ቢጫ ነገር ነበር፤ ወራት የቆመ ቤንዚን ነው። ጄቱን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀጭን ቀዳዳ፣ አጥቦ በ700 ብር ገጠመልኝ፤ ዛሬም የሚሠራው እሱው ነው። ደምሩት፤ የ900 ብሩ ልብስ 6,600 ብር ወጣበት።

የኪራይ ክፍል ደረቅ ነው፣ ለሌባም አይመችም። ግን በወር 1,500 ብር፣ ለአራት ወር 6,000፣ በየዓመቱ። አንድ ጓደኛዬ ያስቀመጠበት ክፍል ውስጥ በቆሎ በጆንያ ተከምሮ ነበር። በቆሎ ካለ አይጥ አለ። የመብራቱን ሽቦ በልተውት አገኘው። ሰው የሚያድርበት ወይም እሳት የሚነድበት ክፍል ከሆነማ ቤንዚን ያለበትን ሞተር በፍጹም አታስገቡ።

የእኔ ጥላ ይኸው፦ አራት ቆርቆሮ እያንዳንዱ በ850 ብር፣ ስምንት አጣና እያንዳንዱ በ150 ብር፣ ሚስማርና የአናጺ ዋጋ 1,500። በጠቅላላው 6,100 ብር፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ዝናቡ ከሐይቁ ነፋስ ጋር ሰያፍ ስለሚገባ በዚያ በኩል ያለውን ጎን በአሮጌ ቆርቆሮ ከልዬዋለሁ፤ ሌላው ክፍት ነው፣ አየር ያልፋል። ሞተሩ የሚቆመው ሳንቃ ላይ ነው፣ መሬት አይነካም። ግቢያችሁ አጥር ከሌለው ግን ወፍራም ሰንሰለት ጨምሩበት።

ተከራይ ሆናችሁ ጥላ መሥራት ካልተፈቀደላችሁና ልብስ መግዛት ግድ ከሆነ፣ የጨርቅ ሸራ ይሻላል፤ ይተነፍሳል። ውሃ ያስገባ እንደሆነ ለማየት ሱቁ ውስጥ ስፌቱ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍሱበት። ነጋዴው እንቢ ካለ ተዉት።

የትም ብታቆሙት ሰልባትዮውን (የቤንዚን ጋኑን) ሙሉት፤ ባዶ ከሆነ ከውስጥ ይዝጋል። ከዚያ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሱት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚረጋ ቤንዚን አይኖርም። ካቴናውን ዘይት ቀቡት። ባትሪውን ፈታችሁ ቤት አስገቡ፣ በወር አንዴ ቻርጅ አድርጉት። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው የቤንዚንና የዘይት ዋጋ ብቻ ነው።

አናጺውን አሁን ያዙት። ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ አጣናውም ቀጥ ብሎ አይቆምም።