የታዳጊዎች ልብ ወለድ ባላንጣ ማን ይሁን? እኩያ ወይስ አዋቂ?

ለታዳጊዎች ልብ ወለድ ስትጽፉ ክፋቱን ለማን ትሰጣላችሁ? ለክፍል ጓደኛ ወይስ ለአዋቂ?

ቅርበት፦ እኩያው ይበልጣል። ባለታሪኳን በየቀኑ ያገኛታል፤ ምናልባትም ምስጢሯን ያወቀው ጓደኛዋ በነበረበት ጊዜ ነው። የት እንደሚያማት ያውቃል። አዋቂው ይህን ያህል አይቀርባትም።

ጉልበት፦ አዋቂው ይቀጣል፣ ያባርራል፣ ስልክ ይነጥቃል። የእኩያው መሣሪያ ወሬና ማግለል ነው። ይህን አትናቁት። በዚያ ዕድሜ ከጓደኞች መገለል ከማንኛውም ቅጣት በላይ ሊያም ይችላል።

አሳማኝነት፦ ለእኩያው ቅናት ወይም ቦታዬን አጣለሁ የሚል ፍርሃት ይበቃዋል። አንባቢው ስሜቱን ያውቀዋላ! አዋቂው ግን ብዙ ሥራ ይጠይቃል። ትክክል ነኝ ብሎ ማመን አለበት። በእኔ አስተያየት፣ «ለአንቺው ብዬ ነው» የሚል አባት ከሚጮኽ አባት ይልቅ ያስፈራል።

አደጋ፦ እኩያው ያለምክንያት የሚሳደብ ጉልበተኛ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ አዋቂው ደግሞ የካርቱን ጭራቅ።

ታሪኩ ስለ ጓደኝነትና ክህደት ከሆነ እኩያው ይሻላል። ስለ ነጻነትና በራስ ስለ መወሰን ከሆነ አዋቂውን ምረጡ። ሁለቱንም ካስገባችሁ፣ የመጨረሻው ፍጥጫ ከማን ጋር እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ።