ጅማ ላይ አሮጌ ቤት ለምታድሱ፦ የእኛን ሳሎን በክሪክ ያነሱት አናጢ

ከመጨረሻው ልጀምር። ቤቱ አልቋል ማለት አልችልም፣ ማድ ቤቱ ይቀራል። ግን አራት ክፍል ታድሶ እማዬ ገብታበታለች፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሳሎን ውስጥ ባልዲና ሳፋ መደርደርም ቀርቷል። ይህን የሠሩልን አንድ ሽማግሌ አናጢና ሁለት ረዳቶቻቸው ናቸው። ድርጅት የላቸውም፣ ታፔላ የላቸውም፣ ቴሌግራም ላይ ፎቶ አይለጥፉም። ፈቃድ ስላልጠየቅኳቸው ስማቸውን አልጽፍም። እኛ ቤት "አባባ" ነው የምንላቸው፣ እዚህም አባባ ልበላቸው።

ቤቱ ሄርማታ አካባቢ ያለ የአያቴ ቤት ነው። በ1950ዎቹ የተሠራ፣ የባህር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ የጭቃ ምርጊት፣ የቆርቆሮ ክዳን። ሳሎኑ ጣውላ ወለል አለው፣ ያኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አያቴ ካረፉ በኋላ ግን ማንም በደንብ እጁን አላሳረፈበትም። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ አርጅቶ ሆዱን ጥሏል፣ ሌሊት አይጥ ስትሮጥበት የእግሯ ኮቴ ይቆጠራል። ወንድሜ አፍርሰን ፎቅ እንሥራ ባይ ነው። እማዬ ደግሞ "እኔ ከሞትኩ በኋላ እንደፈለጋችሁ" ብላ ነገሩን ዘጋችው። ስለዚህ ክፍል በክፍል እናድስ አልን፣ ገንዘቡም ከዚያ በላይ አይፈቅድም ነበር።

ከአባባ በፊት ሌላ ባለሙያ ነበር። ወጣት፣ ንግግር አዋቂ፣ ስልኩ በጂፕሰም ኮርኒስ ፎቶ የተሞላ። ቀብድ ወሰደና ከፊት መኝታ ቤቱ ጀመረ። የጭቃውን ግድግዳ እንዳለ ሲሚንቶ ለሰነበት፣ ስቱኮ አለበሰው፣ ቀለም ቀባው። በአንድ ሳምንት ጨረሰ። ሰርግ ቤት መሰለ፣ እኔም ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። ይህ የካቲት ላይ ነው። ግንቦት ላይ ግድግዳው ሆዱ ተነፋ፣ በጣት ሲነኩት ባዶ ጣሳ ይመስል ይጮሃል። ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት ዱብ! የበር ግማሽ የሚያህል ልስን አልጋው ላይ ተዘርግፎ አገኘነው። እግዜር ሲጠብቃት እማዬ ያን ዕለት እኅቴ ዘንድ ነበረች። ደወልንለት። "ችግሩ ቤቱ ነው እንጂ ሥራው አይደለም" አለን። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ።

አባባን ያገኘናቸው በጎረቤት በኩል ነው። ሲመጡ የያዙት ካቻቢቴ ብቻ። ቡና ጠጡ ብንላቸው "ቆይ መጀመሪያ ልየው" ብለው ዞሩት። የወደቀውን ልስን አንስተው ጀርባውን ገልብጠው አሳዩኝ። ጭቃው ተላጦ አብሮት መጥቷል፣ ከወራት በኋላም እርጥብ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋል፣ እያበጠ እየሰለለ ይኖራል። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ከመሬት የሚወጣውንም እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል፣ ከውስጥ ያለው እንጨት ደግሞ ተቀምጦ ይበሰብሳል። ያኛው ልጅ የሽቦ ወንፊት እንኳን ሳይመታበት ነው የለጠፈው። ቀጥለው አባባ ካቻቢቴውን ከወለሉ ጥግ አንዱ ቋሚ ላይ ሰኩት። እስከ እጀታው ገባ። ምስጥ። እኔ ስለ ቀለም ምርጫ ላወራቸው ነበር፤ "ልጄ፣ የታመመ ሰው ኩል አይኳልም" አሉኝ። ለዚያ ቀን ድካማቸው ሳንቲም አልተቀበሉም።

የሥራቸው ቅደም ተከተል ከዚያኛው ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ እንጨቱ፣ ከዚያ ጭቃው፣ ቀለም ለብቻው መጨረሻ። ጅማ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ጥቅምት ድረስ የሚሄድ አገር ነው፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ እየፈነጠረ የግድግዳውን እግር ሲበላው ኖሯል። የተበሳውን ቆርቆሮ ቀየሩ፣ አሸንዳ አዞሩ፣ ክፈፉን ሁለት ስንዝር ያህል አስረዘሙ፣ የግድግዳውን ዙሪያ ቆፍረው ውሃው ወደ ቦዩ እንዲሄድ በድንጋይ አበጁት። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እያነሱ "ያ ሁሉ በረንዳ ለጌጥ ብቻ ይመስልሻል?" አሉኝ። ቆርቆሮ ስትገዙ ግን ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል፣ 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ የቀጠነ ነው። እኔ የበለጠ ቁጥር የበለጠ ጥራት መስሎኝ በኩራት 32 ልገዛ ነበር።

አሁን ስለ ሳሎኑ። ይህን ያላየ ሰው ስነግረው ያጋነንኩ ይመስለዋል።

ሦስት ቋሚ ከታች በምስጥ ተበልቶ ጣሪያው ወደ ጓዳው በኩል ሰምጧል። የጓዳው በር ከልጅነቴ ጀምሮ ወለሉን እየፋቀ ነው የሚከፈተው፣ በትከሻ ነው የምንገፋው። አባባ ከአንድ ሾፌር የጭነት መኪና ክሪክ ተውሰው መጡ። ወለሉን ከፍተው መሬቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረጉ፣ ክሪኩን ከላዩ፣ ከክሪኩ ላይ ወፍራም ግንድ እስከ ጣሪያው አግዳሚ ድረስ አቆሙ። አንዱ ልጅ ክሪኩን ይነፋል። ሌላው ውጭ ቆሞ ክፈፉን እያየ ይጮሃል። አባባ መሃል ናቸው፣ እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈው፣ ልክ የከብት ሆድ እንደሚዳስስ ሰው። ቆርቆሮው ጠጠጠጥ አለ። አቧራ ወረደ፣ ከአቡጀዲው ላይ የስንት ዘመን የአይጥ ጎጆ ተራገፈብን። "ቁም!" አሉ። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ያ የጓዳ በር፣ ማንም ሳይነካው፣ ድምፅ ሳያሰማ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አንደኛው ልጅ በኦሮምኛ "ጋሪዳ!" (ጥሩ ነው!) ብሎ አጨበጨበ። እማዬ ግን ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፣ ቤቱ ሲንቀሳቀስ ማየት አልቻለችም።

የበሰበሰውን የቋሚ እግር ቆርጠው ሌላ ተከሉበት፣ ግን መሬት አላስነኩትም። ከሥሩ ድንጋይና አርማታ፣ ከጫፉ ሬንጅ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባው ውጭ ያለው የበረንዳ ቋሚ ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ ከገባ ሽታው ዓመት አይለቅም አሉ።

ወለሉን እኔ ሴራሚክ ላድርገው ብዬ ነበር፣ ዋጋ ሁሉ ጠይቄያለሁ። አባባ አንዱን ጣውላ ነቅለው ገለበጡት። ሆዱ በኩል ልክ ትናንት ከመጋዝ የወጣ ይመስል ንጹሕ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ነቅለው፣ ቁጥር ጽፈውበት፣ ገልብጠው መለሱት። ሰባት ጣውላ ብቻ ነው በአዲስ የተተካው፣ እሱም ዋንዛ። ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ እኔ ወድጄዋለሁ፣ ወንድሜ አልወደደውም። አቡጀዲው ወርዶ ቺፑድ ኮርኒስ ተመታ፣ እሱ ብዙ ወሬ የለውም።

ግድግዳውን ሲልጡ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ጋዜጣ ወጣ። በጭቃ ቤት ያደገ ያውቀዋል፣ ያኔ አዲስ ዘመን የሚለጠፈው ግድግዳ ላይ ነው። ልጆቹ ሥራቸውን ትተው አንገታቸውን አጣመው ማንበብ ጀመሩ፣ አንዱ ወሬ መሃሉ ላይ ሲቆረጥበት ቀጣዩን ፍለጋ ወንበር ላይ ወጣ። ከጋዜጣው ሥር የተደፈነ በር አገኘን። እማዬ ወዲያው አወቀችው። አያቴ የጎን ክፍሉን ለአንድ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ሲያከራዩት ያስደፈኑት ነው። ልጁ ተመርቆ ሄደ፣ በሩ እዚያው ቀረ። አስከፈትነው፤ አሁን ሳሎኑ ከወዲያ ማዶ ብርሃን ያገኛል። የዘይት ቀለም ያለበትን ቦታ ግን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቁ፤ የድሮ ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ነገር ሊኖረው ይችላል፣ ብናኙ ለሕፃናት ክፉ ነው። አባባ ይህን አያውቁም ነበር፣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው፣ እሳቸውም ሳይከራከሩ እያረጠቡ አስፋቁት።

የመኝታ ቤቱ ሥራ ጭቃ ነው። ሲሚንቶው ሁሉ ተነቀለ። ጓሮ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈርና የጤፍ ጭድ ተቦካ፣ ልጆቹ በየቀኑ እየረገጡት ከአንድ ሳምንት በላይ ሰነበተ። ሽታው ሰፈር አዳረሰ፤ የጎረቤታችን ልጅ "እናንተ ምን ሞተባችሁ?" ብሎ መጣ። በደንብ ካልቦካ አይጣበቅም ይላሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ እንደ ሐምሌ ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ አትደንግጡ። ሦስት ሳምንት ያህል ተትቶ ሁለተኛው በደቀቀ ጭድ ይደረብበታል። የመጨረሻው የተነፋ አፈር፣ አሸዋና ኖራ ነው። ቀለሙም ያው ኖራ፣ ትንሽ ቢጫ ዱቄት ጣል ተደርጎበት። እውነት ለመናገር እንደ ስቱኮ መስታወት አይሆንም። ልብስ ሲነካው በትንሹ ይለቃል። ግን አንድ ክረምት አልፎበታል፣ ስንጥቅ የለውም፣ ያ የሻጋታ ሽታም የለም።

የጎን ክፍሉና መታጠቢያ ቤቱ ብዙ አያናግሩም። መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ብሎኬት ስለሆነ ሴራሚክ ለብሷል፣ አለቀ።

መብራት አባባ አይነኩም፣ "የማላውቀውን አልነካም" አሉ፣ ይህም አንድ ነጥብ ይጨምርላቸዋል። ሌላ ባለሙያ አመጣን። ምጣዱ 3,500 ዋት የሚጎትት ሆኖ ከሳሎኑ ሶኬት በቀጠነ ሽቦ ነበር የሚሠራው። ያ ማለት 16 አምፔር አካባቢ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። አሁን ከቆጣሪው ቀጥታ የራሱ ወፍራም መስመር ተዘርግቶለታል። አሮጌ ቤት ያላችሁ፣ ከቀለም በፊት ይህን እዩ።

አሁን ወቀሳ። ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቁም። በሁለት ወር ይጠናቀቃል ያሉት አምስት ወር ፈጀ። ዝናብ ሸሽተን ኅዳር ላይ ነው የጀመርነው፣ ኅዳር ደግሞ የቡና ለቀማ ነው። ልጆቹ ከማና ወረዳ፣ ከቡናው አገር ነው የሚመጡት፤ አንድ ሰኞ ጠዋት ጠፉ፣ የተመለሱት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፣ ጣታቸው በቡና ጠቁሮ። ሳሎኑ ያኔ ግማሽ ወለል ነበረው። የእንጨት ግምታቸውም ልክ አይደለም፤ ሞራሌ ሦስት ጊዜ ጎድሎ ሦስት ጊዜ ጋሪ ከፍያለሁ። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም፣ እኔ ነኝ ደብተር ይዤ የጻፍኩት። አንድ መስኮት ደግሞ አሁንም አይገጥምም፣ "እንጨቱ ሲደርቅ ይገባል" ተብያለሁ፣ እስካሁን አልገባም።

ክፍያው በቀን ነው። ለአባባ 1,200 ብር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 600፣ ምሳና ቡና በባለቤት። ቡናውን ስትሰሉ ጊዜውንም ስሉ፤ እማዬ አቦል ቶና በረካ ሳይሞላ ማንንም አታስነሳም፣ እሷና አባባ "እትዬ" "ጋሼ" እየተባባሉ ስለ ድሮ ጅማ ሲያወሩ የእኔ ብር ነበር የሚቆጥረው። ቢሆንም ለዚያ ለመጀመሪያው ሰው ለአንድ ክፍል የከፈልኩት የአባባ ሁለት ክፍል ያሠራ ነበር።

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ። አንዱ የተቀነሰው ለመስኮቱና ለአሥራ ሁለቱ ቀን ነው። ቤታችሁ ብሎኬት ከሆነ እሳቸውን አትፈልጉ፣ ፍላጎትም የላቸውም። ጭቃ ከሆነና ወዲያው ካልቸኮላችሁ ግን ከጥር በፊት ተነጋገሩ። ስልካቸው አይነሳም። ሐሙስ ገበያ ቀን ጠዋት እንጨት መሸጫው ጋ አይጠፉም፤ ኪሳቸው ውስጥ ካቻቢቴ ያለ ረዥም ሽማግሌ ካያችሁ እሳቸው ናቸው፤ "የሄርማታዋ ልጅ መስኮቱ አሁንም አይዘጋም ብላለች" በሉልኝ።