«88 ቮልት ማኪታ» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብራችሁን ያዙ

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞረውን የድሪልና የኢምፓክት (የብሎን ማሰሪያ) ሙሉ ስብስብ ለመግዛት ብር ያዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ትንሽ ቆዩ። መቼም አይታችሁታል። ጥቁር ሻንጣ፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ቻርጀር፣ ድሪል፣ ኢምፓክት፣ ፑንታው ሳይቀር ሙሉ። ላዩ ላይ «ማኪታ» ይላል። ባትሪው ጎን ላይ በትልቁ 48፣ 88 ወይም 128 ቮልት ተጽፏል። ዋጋው የኦርጅናሉን ሩብ አይሞላም። «የቀረን ጥቂት ፍሬ ነው፣ ዴሊቨሪ በነጻ» የምትለዋም አትቀርም።

ማኪታ ባለ 88 ቮልት ድሪል የለውም። ባለ 48ም ባለ 128ም የለውም። የጃፓኑ ኩባንያ ዛሬ የሚሸጣቸው የባትሪ ድሪሎች በዋናነት 12፣ 18 እና 40 ቮልት ናቸው። የአሜሪካው ዲዋልት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 20፣ አውሮፓ ውስጥ 18 ብሎ የሚሸጠው ዕቃ ያው አንድ ነው። ስለዚህ «ማኪታ» እና «88» አንድ ዕቃ ላይ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ፎርጅድ ነው። «የተሠራው ቻይና ነው» የሚለው ጽሑፍ ግን ብቻውን ምንም አያሳይም። ማኪታ ራሱ ቻይና ውስጥ ፋብሪካ አለው።

ቁጥሩ ታዲያ ከየት መጣ? ከማተሚያ ቤት ነው የመጣው። አንዲት የሊትየም ሴል፣ ማለትም ባትሪው ውስጥ ከሚደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች አንዷ፣ በአማካይ 3.6 ቮልት ትሰጣለች፤ ጢም ብላ ስትሞላ 4.2። አምስቱ በተከታታይ ሲታሰሩ 18 ቮልት ይሆናሉ፣ ሙሉ ሲሆኑ 21። አሜሪካኖቹ 20፣ አውሮፓውያኑ 18፣ አንዳንድ የቻይና ፋብሪካዎች 21 የሚሉት ይህንኑ አምስት ሴል ነው። እዚህ ድረስ ውሸት የለም። 88 ቮልት ለማግኘት ግን ከ20 በላይ ሴል በተከታታይ ማሰር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ባትሪ በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ኮርኒስ አትሠሩም።

የኪችን ካቢኔት የሚገጥም ጓደኛ አለኝ። እሱ ከገዛው «88 ቮልት» ባትሪ አንዱን ከፍተን አየነው። ከሥሩ ባለ ኮከብ ራስ ብሎኖች አሉት። ክዳኑ ሲነሳ ሁለት ረድፍ የሴል ማስቀመጫ ይታያል። በአንደኛው ረድፍ አምስት ሴል ተደርድሯል። ሌላኛው ረድፍ ባዶ ነው። እንዲሁ ክፍት ቀዳዳ። ሴሎቹ በሰማያዊ ላስቲክ ተጠቅልለዋል፣ የሠሪ ስም የላቸውም፣ አንዷ ላይ ብቻ በደቃቁ 1500 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ ማለትም 1.5 አምፒር ሰዓት፣ ይላል። ውጭ ጎኑ ላይ በወርቃማ ቀለም የተጻፈው ግን 6.0 አምፒር ሰዓት ነው። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አስገባንበት። 20 ነጥብ ምናምን ቮልት። ይኸውላችሁ 88ቱ።

ከቮልቱ ይልቅ የሚጎዳችሁ ይህ የአምፒር ሰዓት ውሸት ነው። ቮልቱማ ቢያንስ እንደ ማንኛውም ባለ 18 ድሪል ያዞራል። አምፒር ሰዓት ግን ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ የሚወስነው ነው። በባለ 5 ሊትር ጀሪካን ላይ 20 ሊትር ብሎ እንደመጻፍ ነው። በድሪል ባትሪ ውስጥ በብዛት የምትገኘው፣ 18 ሚሊ ሜትር ወርድና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላት ሴል፣ ምርጧ እንኳ ከ3.5 አምፒር ሰዓት ብዙም አትዘልም። ለድሪል የምትመቸው ደግሞ ከዚያም ታንሳለች። ስለዚህ 5 ወይም 6 አምፒር ሰዓት ለማግኘት አስር ሴል በሁለት ረድፍ ያስፈልጋል። ወፈር ያለችና እስከ 5 የምትደርስ ሌላ ሴል አለች፣ ውድ ናት፤ እኔ ባየኋቸው የሩብ ዋጋ ስብስቦች ውስጥ አልገባችም።

ጓደኛዬ ዘንድ የሆነውም ይኸው ነው። ማጠፊያ ሲያስር ኢምፓክቱ ጎበዝ ነበረ። ቺፑድ ላይ አጭር ብሎን ማን ያቅተዋል? ረዥም ብሎን ሞራሌ ላይ ሲጀምር ግን እየቆመ መነሳት፣ ከዚያ መሽተት አመጣ። ሁለተኛው ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ የመጀመሪያው ቻርጅ ሲሆን ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሻጩን ቢደውልለት፣ «ብራዘር፣ ከአቅሙ በላይ አሠርተኸው ነው» አለው። ደረሰኝ ደግሞ የለም። በቴሌብር የተላከ ብርና አንድ የቴሌግራም ስም ብቻ። ሲደጋግምበት ብሎክ አደረገው።

እንግዲህ ሱቅ ስትሄዱ፣ መርካቶም ይሁን ተክለሃይማኖት፣ ነጋዴው መጀመሪያ የሚያደርገው ቁልፉን ጫን አድርጎ በአየር ላይ ማዞር ነው። ድዝዝዝ። በአየር ላይ ሁሉም ድሪል ጎበዝ ነው። አትዘናጉ። ቁራጭ ሞራሌና ረዘም ያለ ብሎን፣ አስር ሳንቲ የሚሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ቀዳዳ ሳታወጡ እዚያው አስገቡት። ደህና ኢምፓክት ታ-ታ-ታ እያለ ይጨርሰዋል። ፎርጅዱ ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ ይዝላል፣ ወይ ባትሪው ራሱን ያጠፋል። «ዕቃ ላይ አናስሞክርም» ከተባላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ባትሪውን አስመዝኑ። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አላየሁም፣ ግን ከሁሉ ቀላሉ ምርመራ ነው። አንዲት ሴል 45 ግራም አካባቢ ትመዝናለች። አስር ሴል ያለው እውነተኛ ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከነመያዣው ከ600 ግራም ያልፋል። «6.0» የሚለው ባትሪ 400 ግራም እንኳ ካልሞላ ውስጡ አምስት ሴል ነው። አጠገብ ያለ የቅመማ ቅመም ወይም የቡና ሱቅ ሚዛን ይበቃችኋል። ባለሱቁ ቢስቅም ይሳቅ።

ቴስተር ያላችሁ ያዙ። ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ስትነኩ 20 አካባቢ ካሳየ በተከታታይ የታሰረው አምስት ሴል ብቻ ነው፣ ጎኑ ላይ የፈለገው ቁጥር ይጻፍ።

ድሪሉ ላይ ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት የሚዞር ቀለበት አለ። 1 ላይ አድርጉትና የፑንታ መያዣውን አፍ በጓንት ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑ። ቀጭ ቀጭ ብሎ መልቀቅ አለበት። ቁጥሩን ስትጨምሩ መያዝ እየከበደ መሄድ አለበት። አንዳንዱ ፎርጅድ ላይ 1ም 15ም ያው ነው፤ ቀለበቱ ለጌጥ ነው የተቀመጠው። ቀጭን ፑንታ አስራችሁ ስታዞሩት ጫፉ ክብ እየሠራ የሚወዛወዝ ከሆነም ተዉት። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ያሰፋል፣ ፑንታም ይሰብራል።

ኢምፓክት የሚለው ስም ላይም ሰው እየተሸወደ ነው። ሦስት የተለያየ ዕቃ በዚህ ስም ይሸጣል። ብሎን ማሰሪያው፣ ማለትም በስብስቡ ውስጥ ልትገዙት የምትፈልጉት፣ አጭር ነው፤ አፉ ባለ ስድስት ጎን ሩብ ኢንች ቢት ይነክሳል። በውስጡ ያለው መዶሻ የሚመታው ወደ ዙሪያ ነው፣ ወደ ፊት አይደለም። ሁለተኛው «ኢምፓክት ድሪል» የሚባለው ነው። እሱ ወደ ፊት የሚደበድብ የብሎኬት መብሻ ድሪል እንጂ ብሎን ማሰሪያ አይደለም። ሦስተኛው አፉ አራት ማዕዘን ግማሽ ኢንች የሆነ የጎማ ዳዶ መፍቻ ነው። አንዳንዱ ሻጭ ይህን ሦስተኛውን አስማሚ ጨምሮበት «ሁለት በአንድ» ይላችኋል። ካቢኔት ላይ ብትሞክሩት ከባድና ሻካራ ነው፣ የብሎኑን ራስ ቆርጦ ይጥላል። ጎማ ቤት ካላችሁ ሌላ ነገር።

ካርቶኑ ላይ «520 ኒውተን ሜትር» (የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው) የሚል ካነበባችሁም ለማነጻጸሪያ ይሁናችሁ። የማኪታ ባለ 18 ቮልት ኢምፓክት፣ ዲቲዲ 152 የሚባለው፣ 165 ኒውተን ሜትር ነው። ድሪሉ ዲኤችፒ 482 ደግሞ 62። በእነዚህ ሰው ቤት ይሠራል፣ ጣሪያ ያስራል። የኮንክሪት ኮለንና ቢም ግን ለነሱም ይከብዳል። ለዚያ ኤስዲኤስ የሚባለውን የኮንክሪት መብሻ ለብቻው ተከራዩ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ወጥመድ። «ወንድሜ ከአሜሪካ ኦርጅናል ያመጣልኛል» የምትሉ። ኦርጅናልነቱ እውነት ነው፣ ግን ቻርጀሩን አገላብጡት። አሜሪካ የሚሸጡት የማኪታ፣ የዲዋልት፣ የሚልዋኪ ቻርጀሮች በአብዛኛው 120 ቮልት ብቻ የሚቀበሉ ናቸው። እኛ ቤት ያለው 220 ነው። የሶኬት አስማሚ ሰክታችሁ ብታስገቡት ቻርጀሩ ይቃጠላል። እንደ ስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ይቀበላል ብላችሁ አታስቡ። ወይ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ፣ ወይ ባለ 220 ቻርጀሩን ለብቻው ፈልጉ። ባትሪውና ዕቃው ችግር የለባቸውም። ከዱባይ የሚመጣ ከሆነ ቮልቱ ይገጥማል፣ የሶኬቱ ጥርስ ብቻ ይለያል።

ለሚያመጣላችሁ ሰው ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከዕቃው የተነጠለ ትርፍ የሊትየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይሄድም፣ በእጅ ሻንጣ ነው። ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ 90 ዋት ሰዓት (18 ሲባዛ በ5) ስለሆነ ከ100 በታች ነው፣ ያልፋል። ባለ 6 ከሆነ 108 ይሆናል፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ኤርፖርት ላይ ተነጥቆ የቀረ ባትሪ ብዙ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ? ቤት ውስጥ መደርደሪያና መጋረጃ ለመስቀል ከሆነ ባለ ገመድ ድሪል ይበቃል። በዚያው ብር ከፎርጅዱ የተሻለ ዕቃ ታገኛላችሁ። መብራት ሲጠፋ መቆሙ ነው ጉዱ። በሥራው የምትተዳደሩ ከሆነ ደግሞ በቁጥሩ የማይዋሽ፣ 20 ቮልት 2 አምፒር ሰዓት ብሎ በግልጽ የጻፈ መካከለኛ ብራንድ፣ እንደ ቶታል ወይም ኢንግኮ ያለውን፣ ከአስመጪው ወይም ከወኪሉ ግዙ። በኋላ ባትሪውን ለብቻው መግዛት መቻላችሁን ጠይቁ። ባትሪው ለብቻው የማይሸጥ ስብስብ ባትሪው በሞተ ቀን አብሮ ይሞታል። ደረሰኝ ላይ የዕቃው ሞዴል፣ ቮልቱና አምፒር ሰዓቱ በጽሑፍ ይስፈር። «ድሪል 1» ብቻ የሚል ደረሰኝ ይዛችሁ በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ በ813/2006፣ ልከራከር ብትሉ ምን እንደተሸጠላችሁ ማሳየት ይከብዳችኋል። በቴሌግራም ካዘዛችሁ ደግሞ ሳታዩና ሳትሞክሩ አስቀድማችሁ ብር አትላኩ።

ፎርጅዱን ቀድሞ የገዛችሁ ካላችሁ አትጣሉት፣ ለቀላል ሥራ ያገለግላል። ግን ማታ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አትተኙ። የብዙዎቹ ቻርጀር እንደ ሬዲዮ አዳፕተር ያለ ቀጭን ነገር ነው፣ የባትሪውን ሙቀት አይለካም፣ የእያንዳንዱን ሴል ሙላት አያይም። ሶፋና ፍራሽ ላይ ሳይሆን ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ አድርጋችሁ፣ እናንተ ባላችሁበት ሰክታችሁ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ንቀሉ። ወድቆ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም ሥራ ሳይበዛበት የሚግል ባትሪ ካለ ከዚያ በኋላ ቻርጅ አይደረግም። የኦርጅናል ባትሪ ያለው ጎረቤት ካላችሁም ባትሪውን ተውሳችሁ በፎርጅዱ ቻርጀር እንዳትሞሉለት።