ለዳክዬ እንቁላል የተሞከረ አነስተኛ መፈልፈያ ማሽን

ይህ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከቻይና የመጣ መፈልፈያ ማሽን የተሠራው ለዶሮ ነው። እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ላይ የምጠቀምበት ለዳክዬ እንቁላል ስለሆነ የምመዝነው በዚያው ነው፤ በተለይም የተበላሸውን እንቁላል ሌላውን ሳይጎዳ ለይቶ ለማውጣት በሚሰጠው እገዛ።

ሙቀቱን በሚገባ ይጠብቃል። ማራገቢያ ስላለው 37.5 ዲግሪ ላይ ሲሞላ እምብዛም አይዋዥቅም፤ ይህንንም የሰው ትኩሳት በሚለካበት ቴርሞሜትር አመሳክሬአለሁ። ማገላበጫው ግን ቅር ያሰኛል። የዳክዬ እንቁላል ከዶሮው ስለሚተልቅ እንቁላሎቹን የሚለያዩትን መከፋፈያዎች ማውጣት ግድ ነው፤ ማሽኑ እይዛለሁ የሚለውን ያህልም አይይዝም። ከዚህ የባሰው ቀን ቆጣሪው ነው፤ የዶሮን 21 ቀን አስቦ በ18ኛው ቀን ማገላበጡን ያቆማል። ዳክዬ 28 ቀን ስለሚፈልግና እስከ 25ኛው ቀን መገላበጥ ስላለበት ቆጣሪውን እንደገና ማስጀመር ያስፈልጋል። መመሪያው ስለዚህ አንድም ቃል አይናገርም።

አብሮት የሚመጣው ትንሽ የእንቁላል መፈተሻ መብራት ግን ከማሽኑ ሁሉ የላቀ ነው። በ7ኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በሰፊው ጫፍ በኩል ሲደገፍ፣ ጤነኛው እንቁላል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ የደም ሥሮችን ያሳያል። ምንም ሳይታይበት ጥርት ብሎ የሚበራው ያልዳበረ ነው። ደሙ ተሰብስቦ ቀይ ቀለበት የሠራበት ደግሞ ሽሉ ጀምሮ የሞተበት በመሆኑ ሁለቱም ይወጣሉ። ጥርጣሬ ያለበትን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ማየት ይሻላል፤ ዛጎሉ ወፍራም ወይም አረንጓዴ ከሆነ ብርሃኑ ያሳስታልና። እንቁላሉን የማስመጣው ከባሕር ዳር በመኪና ስለሆነ፣ ዘንበል ሲደረግ የአየር ክፍሉ (በሰፊው ጫፍ ውስጥ ያለው አየር የያዘ ባዶ ቦታ) ከቦታው የሚንቀሳቀስም ያጋጥመኛል። እንዲህ ያለው አይጣልም፤ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ አንድ ቀን ሙሉ ማረፍ ይገባዋል።

የሚያስፈራው የገማው ነው። ዳክዬ በእርጥብና በጭቃማ ቦታ ስለምትጥል ባክቴሪያ በዛጎሉ ቀዳዳዎች ይገባል፤ እንቁላሉም ላይ ላዩን ፈሳሽ ያወጣል፣ ይሸታል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ከፈነዳ የቀሩትን ሁሉ ይበክላል። የማሽኑ ክዳን ግልጽ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ በዛጎል ላይ የወጣ ጠብታ ሳይከፈት ይታያል። እንዲህ ያለው ሳይነቀነቅ በፌስታል ተይዞ ወጥቶ ይቀበራል።

የእርጥበት መለኪያውን አላምነውም። በጥቂት ውኃ የረጠበ የገበታ ጨው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ 75 በመቶ እርጥበት ስለሚፈጥር፣ በዚያ የተፈተነ ሌላ መለኪያ ከጎኑ ማኖር ይበጃል። ከተማችን ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች እንቁላል ውኃውን ቶሎ ያጣል። ከ55 እስከ 60 በመቶ ይዞ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ወደ 70 ማሳደግ ተገቢ ነው፤ በመብራቱ የአየር ክፍሉ ከልክ በላይ ሰፍቶ ከታየ ደግሞ ውኃ መጨመር ነው።

ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ ጋቢ ጣል ይደረግበታል፤ ነገር ግን የአየር ማስገቢያው መደፈን የለበትም፤ ለመፈልፈል የተቃረቡ ሽሎች በቅዝቃዜው ከሚጎዱት ይልቅ በአየር እጥረት የሚታፈኑት ይብሳልና።

ዋጋውን ሳስብ ጥቂት የዳክዬ እንቁላል ለሚያስፈለፍል ሰው እመክረዋለሁ። የሚገዛ ሰው መፈተሻ መብራቱ መኖሩንና መከፋፈያዎቹ የሚወልቁ መሆናቸውን ሱቁ ውስጥ እያለ ይመልከት። ሙስኮቪ የተባለው የዳክዬ ዝርያ ያለው ሰው ደግሞ 35 ቀን እንደሚፈጅበት አውቆ ቆጣሪውን ጨርሶ ባይከተለው ይሻለዋል።